ቡዲካ በሂርና

ሙመዴ ከሂርና ከተማ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር ሁለት የጫት ማሳ ነበረው። ላይኛው ድንጋያማ ነው። ታችኛው ግን ከምንጩ ሥር ስላለ በበጋም ቅጠሉ አይጠወልግም፤ የሂርና ነጋዴ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እሱ ላይ ነው። አላህ ወንድ ልጅ አልሰጠውም። ሞሚናና ሚስኪ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ብቻ ነበሩት። አምና ክረምት መግቢያ ላይ ሕመሙ ጠንቶበት አልጋ ሲይዝ ሽማግሌዎች አስጠራና፣ «ላይኛው ማሳ ለወንድሜ ለኢዘዲን ይሁን። ታችኛው ከነቤቱ የሚስቴ የሀዲያና የልጆቼ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ወጡ።

ለወንድሙ ያን ያህል ማካፈሉ ከፍቅር ብቻ አልነበረም። ኢዘዲን ኃይለኛ ነው፤ የሚፈራ፣ የሚሰማ፣ ገበያ ውስጥ ሲያልፍ መንገድ የሚለቀቅለት ሰው ነው። ሙመዴ፣ ድርሻውን ካገኘ የቀረውን አይነካም፤ እንዲያውም ለልጆቼ ጥላ ይሆናል ብሎ አሰበ። ይህን አስቦ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሀዲያ ኢዳ ገባች። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከምናምን ከቤቷ ርቃ አትሄድም፤ ሸሪዓው ነው። ኢዘዲንም ይህንኑ ያውቃል። መስከረም ላይ፣ ሀዲያ ገና ኢዳዋን ሳትጨርስ፣ ሰዎች ይዞ መጣና ታችኛውን ማሳ ዙሪያውን በእሾሃማ ሽቦ አጠረው። በማግስቱ የራሱን ጫት ቆራጮች አስገባ። ሀዲያ የኢዳ ልብሷን እንደለበሰች ከቤቷ እስከ ሽቦው ድረስ መጣችና፣ «ኢዘዲን፣ ይሄ የየቲም ሀቅ ነው፣ አባት የሌላቸው ልጆች» አለችው።

«ሴቶች ናቸው። ነገ ሰው ቤት ይሄዳሉ። የወንድሜን መሬት ለባዕድ ላስረክብ እንዴ?» አላት።

ሽቦውን በእጇ ያዘች። እሱም የያዘውን በትር አንስቶ ክንዷ ላይ አሳረፈባት፤ አንዴ ብቻ። ቆራጮቹ፣ አብዛኞቹ የሰፈሯ ሴቶች፣ አጎንብሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። ሀዲያ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ሞሚና ይህ ሲሆን ጭሮ ነበረች። ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ወሬውን የነገረቻት ታናሽ እህቷ ሚስኪ ናት፤ በስልክ፣ እያለቀሰች።

«አዮ ምን አለች?» ብላ ስለ እናታቸው ጠየቀች ሞሚና።

«ዝም አለች።»

«ሰዎቹስ?»

«እነሱም ዝም።»

ከበትሩ ይልቅ ሞሚናን ያንገበገባት ይሄ ዝምታ ነው። ከዚያ ወዲያ እሷም ዝም አለች። ክፍል ትገባለች፣ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፣ ወደ ተራራው ታያለች፣ ትወጣለች። ጓደኞቿ የአባቷ ሐዘን ነው ብለው ተዉአት።

የታሪክ አስተማሪዋ አይናዲስ ትባላለች። ከኮምቦልቻ ተመድባ ከመጣች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋም የቀጠነ፤ ታሪክ ስትተርክ ግን የመጨረሻው ወንበር ድረስ ትሰማለች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እሷ ግን ጥሩ ቦታ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ትዘጋና በአማርኛ ታወራለች፤ መሐል መሐሉ ላይ ኦሮምኛ ጣል ታደርጋለች። ልጆቹ በኦሮምኛዋ ይስቃሉ። እሷም አብራቸው ትስቃለች።

ያን ቀን ትምህርቱ ሮማ ብሪታንያን ስለገዛችበት ዘመን ነበር። መጽሐፉ ሮማውያን ለደሴቲቱ ያመጡትን ይደረድራል፦ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ከተማ፣ ጽሕፈት።

«መንገድ እኮ ጥሩ ነው ቲቸር» አለ ከመቻራ የመጣ አንድ ተማሪ። «እኛ ጋ ቢመጡ እኔ በእልልታ ነው የምቀበላቸው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አይናዲስም ሳቀች።

«እውነትህን ነው፣ መንገድ ጥሩ ነው። ግን መንገዱ መጀመሪያ የተነጠፈው ለማን እግር ነው? ለወታደር እግር። ገበሬው በኋላ ሄደበት።» መጽሐፉን ዘጋችና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ዛሬ ስለ መንገድ አልነግራችሁም። ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ።

«በደሴቲቱ ምሥራቅ አይሲኒ የሚባል የኬልቶች ነገድ ነበር። ፈረስ አርቢዎች፣ ወርቅ አንጥረኞች፣ ኩሩ ሰዎች ናቸው። ሮማ ስትመጣ ንጉሣቸው አልተዋጋም። ጎረቤቶቹ ሲዋጉ ምን እንደደረሰባቸው አይቷል። ስለዚህ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ የሮማ ወዳጅ ተብሎ፣ ዙፋኑ ላይ ቆየ። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሁለት ሴቶች ልጆች ብቻ።»

ሞሚና ዓይኗን ከመስኮቱ መለሰች።

«ሊሞት ሲል ተናዘዘ። 'የሮማ ንጉሠ ነገሥትና ሁለቱ ልጆቼ አብረው ይውረሱኝ' አለ። ለኃይለኛው ድርሻ ከሰጠሁት የቀረውን ለልጆቼ ይተውላቸዋል ብሎ ነው።»

«ተወላቸው?» አለ የመቻራው ልጅ።

«ገና አፈሩ ሳይደርቅ መጡ። አገሩን በጦር እንዳሸነፉት ምርኮ ተካፈሉት። የመኳንንቱን ርስት ነጠቁ፣ የንጉሡን ዘመዶች እንደ ባሪያ ነዱ። ንግሥቲቱ፣ ስሟ ቡዲካ ነው፣ አይሆንም ብላ ቆመች። አስገረፏት። ልጆቿንም ደፈሯቸው።»

ሞሚና ብድግ አለች። በዚያ ዓመት ክፍል ውስጥ አፏን ስትከፍት የመጀመሪያዋ ነው።

«የተገረፈችው ሰው እያየ ነው?»

«ሰው እያየ ነው።»

«ሰዎቹ ምን አሉ?»

አይናዲስ ልጅቷን አየቻት። «ያን ቀን ምንም አላሉም» አለች።

ሞሚና ደብተሯን ሰበሰበች። ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ ማንንም ሳታይ፣ ወጥታ ሄደች።

አይናዲስ ደወሉ ሲደወል ፈልጋ አገኘቻት። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያው ጥላ ሥር፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። አስተማሪዋም ሳትጠራ አጠገቧ ቁጭ አለች። ሞሚና መናገር ስትጀምር ማቆም አልቻለችም፤ ማሳውን፣ ኢዳውን፣ ሽቦውን፣ በትሩን፣ ሁሉን ዘረገፈችው። አማርኛዋ ሲያጥራት በኦሮምኛ ሞላችው። አይናዲስ የተረዳችውን ተረዳች፣ ያልተረዳችውንም ከፊቷ አነበበች።

«እና ንግሥቲቱ ምን አደረገች?» አለች ሞሚና በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በሻርፗ እየጠረገች።

«ተነሣች። ጎረቤት ነገዶችም አብረዋት ተነሡ። የሮማው ገዥ ከሠራዊቱ ጋር ደሴቲቱ ማዶ ጫፍ ላይ ነበር። እሱ እስኪመለስ ሦስት ከተማ አቃጠለች። አንዷ ለንደን ናት።»

«ከነሰዎቹ?»

«አዎ። ወታደሩንም፣ ነጋዴውንም፣ ከሮማ ጋር የተጠጋውን የገዛ ወገኗንም። ያገኙትን ሁሉ ነው የፈጁት። በኋላ ገዥው ተመለሰና አንድ ሜዳ ላይ ገጠሙ። የሷ ሰዎች እጅግ ይበዛሉ። እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ስለነበሩ ሚስትና ልጆቻቸውን ድሉን ያዩ ብለው በጋሪ አምጥተው ከኋላቸው ደርድረዋቸዋል። ጦርነቱ ሲገለበጥ መሸሽ አልቻሉም፤ የገዛ ጋሪያቸው መንገዱን ዘጋው። እሷም ሞተች። አንዱ ጸሐፊ መርዝ ጠጥታ ነው ይላል፣ ሌላው ታማ ነው ይላል።»

«ከተሸነፈች ታዲያ ለምንድን ነው የሚያስተምሩን?»

ይህን ጥያቄ አይናዲስ አልጠበቀችውም። «የገረፋትን ወታደር ስም ታውቂያለሽ?» አለች።

«ከየት አውቄ?»

«እኔም አላውቅም። ማንም ጽፎ አላቆየውም። የሷን ስም ግን ይኸው ጭሮ ላይ ተቀምጠን አንቺና እኔ እንጠራዋለን።»

ሞሚና ራሷን ነቀነቀች። «ስም ማሳ አይሆንም ቲቸር።»

«አይሆንም» አለች አይናዲስ፣ «እውነትሽን ነው።»

«ከሞተች በኋላስ? የቀሩት ሰዎች ምን ሆኑ? ልጆቿስ?»

«ልጆቿ የት እንደደረሱ ማንም አልጻፈም። የቀረውን ሕዝብ ነገር እኔም በደንብ አላውቀውም። አነብና እነግርሻለሁ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሞሚና ወደ ሂርና ተሳፈረች። ሚኒባሱን የሚነዳው ቡሽራ ነው፤ የእናቷ ወንድም ልጅ፣ ሃያ ዓመት ከወጣው ገና ጥቂት የሆነው፣ ቶሎ የሚስቅ፣ ቶሎም የሚቆጣ። ከጎኑ አስቀመጣት። ዳገቱን እየወጡ ሳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የጨረስነው ነገር አለ» አላት። «እኔና ሁለት ጓደኞቼ። እሑድ ሲመሽ ታችኛውን ማሳ ከሥሩ እንቆርጠዋለን። አንድ ግንድ አይቀርም። ላይኛውንም እሳት እንለቅበታለን። እናንተ ያልበላችሁትን እሱ አይበላውም፣ ወላሂ!»

እውነቱን ለመናገር፣ ሞሚና አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ኢዘዲን ጠዋት ሲመጣ፣ ጉቶውን ሲያይ፣ የሚይዘው የሚጨብጠው ሲጠፋው ታያት። «እሺ» አለች። «እኔም እመጣለሁ።»

ቤት ስትገባ እናቷ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ኢዳዋን ከጨረሰች ሳምንት ሆኗታል። ሞሚና ሰላምታውን ሳትጨርስ የእናቷን እጅጌ ሰበሰበችው። የበትሩ ምልክት የለም፤ ከጠፋ ቆይቷል። ሀዲያ እጅጌዋን መልሳ አወረደች።

«ክስ እንመሥርት፣ አዮ።»

«የአባትሽን ወንድም?»

«የመታሽን ሰው።»

ሀዲያ ዙሪያዋን አየች፤ ሚስኪ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። «ልጄ፣ አባት የላችሁም፣ ወንድም የላችሁም። ነገ ኒካሕ ስታስሪ ወሊ ሆኖ በአባትሽ ቦታ የሚቆምልሽ ማን ነው? እሱ ነው። ዛሬ ከከሰስነው ያን ቀን ማን ፊት ትቆሚያለሽ?»

«እናቴን የመታ ሰው ነው ወሊዬ የሚሆነው? ሳላገባ ልቅር!»

«አፍሽን ያዢ!»

«ብዙ ያዝኩት፣ አዮ። ስትመቺም ጭሮ ላይ አፌን ይዤ ነበር።»

ሀዲያ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች። ሞሚና ብቻዋን ቀረች። ከተቀመጠችበት ሽቦው ይታያል፤ ከሽቦው ወዲያ አባቷ አንድ በአንድ የተከላቸው ጫቶች፣ ጫፋቸው ቀላ ብሎ፣ ለቆረጣ ደርሰው ቆመዋል።

በማግስቱ ጠዋት ስልኳ ጠራ። አይናዲስ ናት።

«ያልኩሽን አነበብኩ» አለች። «ደስ የሚል ነገር አይደለም። ያን ዓመት የቡዲካ ሰዎች ዘር አልዘሩም ነበር። ገበሬው ሁሉ እርሻውን ትቶ ለጦርነት ሲወጣ፣ የሮማን ጎተራ ማርከን እንበላለን ብለው ነው። ተሸነፉ። ሮማውያኑም በበቀል አገሩን በእሳትና በሰይፍ አጠፉት። ግን አንድ የሮማ ጸሐፊ ምን ይላል መሰለሽ? ከሁሉ የበለጠ የጎዳቸው ረሃቡ ነው ይላል።»

የሞሚና ዓይን ማሳው ላይ ነው።

«አለሽ?»

«አለሁ ቲቸር።»

«ሌላም አለ። ከጦርነቱ በኋላ ሮማ አዲስ ሹም ላከች፤ ለግብሩ ሥራ። ሰውዬው ራሱ ከተገዙት ወገን ነው ይባላል፤ ከባሕሩ ማዶ፣ ሮማ ቀድማ ከያዘችው ከሌላ የኬልቶች አገር። እሱ ገዥውን ተቃወመ። 'ይሄ ሰው እዚህ እስካለ ድረስ ይሄ በቀል አያልቅም፣ አንሡልን' ብሎ ወደ ሮማ ጻፈ። መርማሪ ተላከ፤ ትንሽ ቆይቶ ገዥው ተነሣ። አየሽ፣ ጦሩ ያላነሣውን ሰው ከራሳቸው ጉያ የወጣ አንድ ቃል አነሣው።»

ሞሚና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሻርፗን አጥብቃ ወደ መናኸሪያው ወረደች። ቡሽራ የሚኒባሱን መስታወት እያጠበ ነበር።

«ግንዱን አትንኩ» አለችው። «እሳትም አልፈልግም።»

ቡሽራ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወረው። «ፈራሽ?»

«አዎ፣ ፈራሁ። የፈራሁት ግን ኢዘዲንን አይደለም። ጫት ከተከልከው ስንት ዓመት ቆይቶ ነው የሚቆረጠው? እስከዚያ ሚስኪ ምን ትብላ? ንዴትህን?»

«እና ዝም ልንል ነው?»

«ማን ዝም ይላል? ሰኞ ገበያ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ሰዓት፣ ገብተን የራሳችንን ጫት እንቆርጣለን። ፒንሳ አለህ?»

ቡሽራ ትንሽ አኮረፈ። ቀጥሎ ከወንበሩ ሥር የመሣሪያ ሣጥኑን ጎተተና ፒንሳውን አውጥቶ ሰጣት። «ሽቦውን ልቁረጥልሽ?»

«እኔ ነኝ የምቆርጠው።»

ከዚያ የሄደችው ሼህ ዩያ ቤት ነው። ሼህ ዩያ ሙመዴ ሲናዘዝ ከነበሩት ሽማግሌዎች ትልቁ ናቸው። ከኢዘዲን ጋርም ወዳጅ ናቸው፤ የመስጂዱ ጣሪያ ሲታደስ ቆርቆሮውን ያመጣው እሱ ነው። እጃቸውን ስማ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

«ሼኽዬ፣ አባቴ ምን ብሎ እንደሞተ ሰምተዋል።»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ማንቀሳቀስ አቆሙ። «ልጄ፣ የቤተሰብ ነገር በቤተሰብ ነው የሚያልቀው።»

«በቤተሰብ እናቴ ተመታች።»

«ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ።»

«ሶብር አድርጌያለሁ። ሰኞ ግን ማሳው ውስጥ ነን። እርስዎ ቢመጡም ባይመጡም ነን። ቢመጡ ግን የሰሙትን ይናገሩ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን እንደገና ማንቀሳቀስ ጀመሩ። እሷም ተነሥታ በአክብሮት ወደ ኋላዋ እየሄደች ወጣች። ይመጣሉ ብላ ተስፋ አላደረገችም።

እሑድ ማታ ለእናቷ ነገረቻት። ሀዲያ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። «እኔ አልገባም» ብቻ አለች። ጠዋት ግን ሞሚና ፒንሳውን ይዛ ስትወጣ እናቷ የቆረጣ ጆንያዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ከኋላዋ ነበረች። ሚስኪም ነበረች።

ሞሚና ሽቦውን በሦስት ቦታ ቆረጠችው። እሾሁ መዳፏን ቧጠጣት፤ ደሙን በቀሚሷ ጠረገችው። ገብተው ከምንጩ በኩል ጀመሩ። ሀዲያ እጇ ቅጠሉን ሲነካ ሌላ ሰው ሆነች። ጣቶቿ ለጋውን ከጠንካራው እየለዩ ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ልጆቿ አልደረሱባትም።

የኢዘዲን ቆራጮች መጡና የተቆረጠውን ሽቦ አይተው ውጭ ቆሙ። ወደ ገበያ የሚወርደው ሰውም አህያውን እያቆመ ይመለከት ጀመር። ቀጥሎ የቡሽራ ሚኒባስ መንገዱ ዳር ቆመ። የወረደችው አይናዲስ ናት። ቡሽራ ቁጥሯን ከሞሚና ተቀብሎ ደውሎላት፣ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስለሌላት በመጀመሪያው ጉዞ መጥታለች። የከተማ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ እየሰጠመ እስከ ሽቦው መጣች። ሞሚና አየቻትና ሥራዋን ቀጠለች።

ኢዘዲን ሦስት ሰዎች አስከትሎ መጣ። በትሩ እጁ ላይ ነው።

«ሌባ!» አለ ገና ከሩቅ። «የሰው ማሳ በጠራራ ፀሐይ!»

«ሌባ በጠራራ ፀሐይ አይገባም» አለች ሞሚና፣ ቀና ሳትል።

ኢዘዲን አይናዲስ ላይ ዓይኑ አረፈ። «ይቺስ ማን ናት?»

«አስተማሪዋ ነኝ» አለች አይናዲስ።

«ምን ብለሽ ነው ያስተማርሻት?»

«ታሪክ።»

ከቆሙት ሰዎች መካከል አንዱ ሳቅ አመለጠው። ኢዘዲን ፊቱ ጠቆረ። ሽቦውን አልፎ ገባና በቀጥታ ወደ ሀዲያ ሄደ። ሞሚና መሐል ገብታ ቆመች። አጎቷ ረጅም ነው፤ እሷ ደረቱ ድረስ ብትደርስ ነው።

«ዞር በይ!»

«አልዞርም። በዚህ በትር እናቴን ስትመታ እኔ ጭሮ ነበርኩ። ዛሬ እዚህ ነኝ። ከመታህ እኔን ነው የምትመታው፤ ሂርና ሁሉ እያየህ።»

በትሩን ከፍ አደረገው። ያን ጊዜ ከሽቦው ውጭ ቆመው ከነበሩት ቆራጮች አንዷ፣ ትልቅ ሴት፣ ጆንያዋን መሬት ላይ ጣለችና ላዩ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ዛሬ አልቆርጥልህም» አለች። «ያን ቀን አጎንብሼ ነበር። በቃኝ።» ሌላዋም ተቀመጠች። ቀሪዎቹም። ኢዘዲን በትሩን እንደሰቀለ ዞሮ አያቸው፤ ማንን እንደሚመታ የጠፋው ይመስል ነበር።

«ኢዘዲን!»

ሼህ ዩያ ናቸው። በበቅሎ መጥተው ከሰዉ ጀርባ ቆመዋል። መቼ እንደደረሱ ማንም አላየም። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ከበቅሏቸው ወርደው በቀስታ እስከ ሽቦው መጡ።

«በትርህን አውርድ።»

«ሼኽዬ፣ እርስዎማ ያውቃሉ፤ ይሄ የወንድሜ መሬት ነው።»

«አውቃለሁ። ከማወቄ የተነሣ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ሙመዴ 'ታችኛው የሚስቴና የልጆቼ ነው' ብሏል። ጆሮዬ ሰምቷል። ዝም ማለቴ ወንጀል ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ሴት መሬት አትወርስም!»

ሽማግሌው ያን ጊዜ ነው ድምፃቸውን ያነሡት። «ማን አለ? ቁርኣን ለሴት ልጅ ድርሻዋን በስም ጠርቶ የሰጠ ነው፤ አንተ ማን ነህና ትከለክላለህ? ሙመዴ ምንም ሳይናገር ሞቶ ቢሆን፣ በሸሪዓው ሂሳብ ያንተ ድርሻ ከሩብ እንኳ ያነሰ ነበር። ላይኛውን ማሳ ሙሉውን የሰጠህ ከሚገባህ በላይ አክብሮህ ነው። አንተ የሟች ወንድምህን ስጦታ በልተህ፣ ዞረህ የየቲሞቹን ጉርሻ ትነጥቃለህ?»

ኢዘዲን ሰዉን አየ። መንገድ ይለቅለት የነበረው ሰው ቆሞ ያየዋል። «ፍርድ ቤት እንገናኛለን» አለ።

መልሱን የሰጠችው ሞሚና አልነበረችም። «እንገናኝ» አለች ሀዲያ፣ ከልጇ ጀርባ ወጥታ። እጇ ላይ የቆረጠችው ጫት ነበር። «እስከዚያው ግን ቆረጣ አለብኝ። ከማሳዬ ውጣ።»

ወጣ። ሦስቱ ሰዎቹም ተከተሉት። አይናዲስ ጫማዋን አውልቃ ወደ ማሳው ገባችና ምን ልሥራ ብላ ጠየቀች። ሚስኪ ዙርባ፣ ማለትም የጫት እስር፣ አስተሳሰር አሳየቻት፤ ያሰረችው ሁሉ እየተፈታ አስቸገረ። ከሰዓት በኋላ ሀዲያ የራሷን ጫት ይዛ ሂርና ገበያ ላይ ተቀመጠች። ገዢ አላጣችም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ኢዘዲን ምስክር ሊያስቀይር ሞከረ፣ ቀጠሮ አስረዘመ፣ ሼህ ዩያን ጭምር ተጣላ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። በስተመጨረሻ ታችኛው ማሳ ለሀዲያና ለልጆቿ ተወሰነ። ኢዘዲን ይግባኝ አለ፣ ተሸነፈ። ላይኛው ማሳ ግን አሁንም የሱ ነው፤ ያን ማንም አልነካበትም። በኒካሕ ቀን ወሊው ማን ይሁን የሚለው ነገር እንዳለ ነው። ሞሚና ሲያነሡባት «መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ልግባ» ትላለች። አይናዲስ ደግሞ በዚያ ሰሞን፣ የቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ ገባሽ ተብላ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ተጠርታ ተጠይቃ ነበር። «አዎ፣ ገባሁ» ብላ ፈርማ ወጣች።

ከረመዳን በፊት ኢዘዲን ሽማግሌዎች ላከ። ደም ነን፣ እንታረቅ፣ የሆነው ሆኗል የሚል ነው መልእክቱ። ሀዲያ እንግዶቿን በወጉ አስተናገደች። ሲጨርሱም መልሷን ሰጠቻቸው።

«እታረቃለሁ። የመታኝ ግን ማሳው ላይ፣ ሴቶቹ ፊት ነው። ይቅርታም የሚጠይቀኝ እዚያው፣ እነሱው ፊት ነው። ራሱ ይምጣ፣ በቀን ይምጣ።»

ሽማግሌዎቹ ይሄ ትንሽ ይከብዳል አሏት። እሷም ለኔም ከብዶኝ ነበር አለቻቸው።

ኢዘዲን እስካሁን አልመጣም። ሀዲያም አልላከችበትም።